የአንድ ሌሊት ተቀማጭ

ስግብግብነት ባንክ ያፈርሳል የሚሉ ሰዎች በሰኔ ወር ጉርድ ሾላ ላይ ቆመው አያውቁም። ስግብግብ ሰው ቢያንስ ገንዘቡ የት እንዳለ ያውቃል፤ ሳይቆጥር አይተኛም። ባንክ የሚያፈርሰው ይሉኝታ ነው። እምቢ ለማለት የሚያፍር ደንበኛና የለም ለማለት የሚያፍር ሥራ አስኪያጅ ከተገናኙ ሌባ አያስፈልጋቸውም። ሁለቱም ጨዋ፣ ሁለቱም ሰው አክባሪ እንደሆኑ አንድ ቅርንጫፍ ባዶ ማድረግ ይችላሉ። የማይመስለው ካለ የወይዘሮ ፈዲላንና የኃይለኪሮስን ነገር ይስማ።

ወይዘሮ ፈዲላ ጉርድ ሾላ ከአስፋልቱ ዳር ሴራሚክ፣ የእጅ መታጠቢያና የሽንት ቤት መቀመጫ ትሸጣለች። ሱቁ የኪራይ ነው። አከራይዋ በየዓመቱ እንኳን አደረሰሽ ሊላት ይመጣና ኪራይ ጨምሮባት ይሄዳል። ዘንድሮ ግን ጎሮ፣ አዲስ ሕንፃ ሥር፣ የራሷ የሚሆን ሱቅ አገኘች። ሻጩ ጋሽ ገብረየስ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ቀብድ ተቀበሉ፣ ውል ጻፉ። ቀሪው ስምንት ሚሊዮን ብር ሰኔ ሃያ አራት ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ካልተከፈለ ቀብዱም ሱቁም የእሳቸው ሆኖ ይቀራል። ፈዲላ ወርቋን ሸጠች፣ የአባቷን ድርሻ ተቀበለች፣ ዕቃ ማስመጣት አቆመች፤ ገንዘቡ ሞላ። ከመንገዱ ማዶ፣ እዝራ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ባለበት ባንክ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቅ ጀመር።

ቀኑ ሁለት ሲቀረው ኃይለኪሮስ መጣ። ኃይለኪሮስ ከሱቋ ጎን ያለው የሌላኛው ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው። የባንኩን ስም አልጠራም፤ የአንዱን ከጠራሁ ሌሎቹ የጸዱ ይመስላቸዋል። ጫማው ጭቃ፣ ክራባቱ ጠማማ ነበር። የሚቀመጥበት ሲያጣ ለናሙና የተደረደረ የሽንት ቤት መቀመጫ ከደነና ተቀመጠበት።

«እትዬ ፈዲላ፣ እንዲያው ለአንድ ሌሊት ብቻ» አላት።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ነገር ለሚስትህ ነግረሃታል?»

«ኧረ እትዬ! ገንዘቡን ነው የምልዎት።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ነገሩን አስረዳት። ነገ ሰኔ ሃያ ሦስት ባንኩ የዓመቱን ሒሳብ ይዘጋል። ቅርንጫፉ ይሰበስባል የተባለውን ተቀማጭ አልሰበሰበም። ዕቅዱን ካልሞላ የሥራ አስኪያጅነት ወንበሩን ለሌላ ይለቃል። ፈዲላ ገንዘቧን ነገ ከማዶ ወደ እሱ ብታዛውርለት፣ ሌሊቱን አድሮ በማግሥቱ ጠዋት ይወጣል። ማንም ምንም አይጎዳም።

«አንድ ሌሊት አድሮ ምን ይሠራላችኋል?»

«ይቆጠራል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሄዳል።»

«እንግዲህ ሱፍ ተከራይቶ ፎቶ መነሣት ነው በለኛ።»

ኃይለኪሮስ ሳቀ፤ የተሞሸረው በኪራይ ሱፍ ነበርና ሳቁ ከልቡ ነው።

እዚህ ላይ ፈዲላ እምቢ ማለት ነበረባት። ገንዘቧን የምትፈልገው ለሱቅ እንጂ ለፎቶ አይደለም። ነገር ግን ካቻምና እናቷ ያረፈች ጊዜ ይህ ሰው ክራባቱን ኪሱ ከትቶ በዝናብ ድንኳን ተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ተሸክሟል፣ ለቅሶው እስኪያበቃ ከበሯ አልጠፋም። ያን ወንበር የተሸከመ ትከሻ ሲለምን ምን ይባላል? ወዳጅነቱ የውሸት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እውነተኛ በመሆኑ ነው ጣጣው። ለለቅሶ ውለታ የሚከፈለው በለቅሶ፣ በሠርግ፣ በበሽታ ነው፤ እኛ ግን የሰውን ቁጠባ ጨምረን ካልከፈልንበት የከፈልን አይመስለንም።

«ከነገ ወዲያ ጠዋት ለጎሮው ሱቅ ሲፒኦ ትሠራልኛለህ?» አለችው። ሲፒኦ ባንኩ ራሱ እከፍላለሁ ብሎ የሚፈርምበት ቼክ ነው፤ ጋሽ ገብረየስ ከእሱ ሌላ ወረቀት አይቀበሉም።

«በሦስት ሰዓት ይዘውት ይሄዳሉ። አንገቴን እሰጣለሁ!»

«ያኔ ብድር ልጠይቅ የመጣሁ ጊዜ እኔም አንገቴን እሰጣለሁ ብዬህ ነበር። ምን አልከኝ? ‹እትዬ፣ እኛ የምንፈልገው ካርታ ያለው ቤት ነው› አልከኝ።»

«የባንኩ መመሪያ ነው እኮ።»

«ይሁን። ክራባትህን አቅና፤ አንገት መሆኑ እንዲታይ።»

በማግሥቱ ገንዘቡን አዛወረችው። ማዶ ያለው እዝራ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «እትዬ፣ ምን በደልኩ? ቢያንስ እስከ ነገ ቢያድርልኝ!» አላት። እሱም የሚዘጋው ሒሳብ ነበረው። ወዲያው ስልክ አንሥቶ ከኃይለኪሮስ ደንበኞች አንዱን ለመነና ጉድጓዱን ሞላ። በዚያ ከሰዓት የመንደሩ ገንዘብ አስፋልቱን ከወዲያ ወዲህ ሲሻገር ዋለ። ማታ ሁለቱም ባንኮች አድገው ተገኙ! አንዲት ብር ሳትጨመር፣ አንድ ሱቅ ሳይከፈት፣ አንድ ጆንያ ሲሚንቶ ሳይሸጥ ዕድገት ተመዘገበ። ኃይለኪሮስ ኬክ አስመጥቶ ከሠራተኞቹ ጋር ቆረሰ፤ ፎቶው ለዋናው መሥሪያ ቤት ተላከ። ዋናው መሥሪያ ቤትም በተቆጠረው ላይ ብድር ሊፈቅድ፣ ቦነስ ሊያከፋፍል፣ በጋዜጣ ሊያስነግር ተዘጋጀ። ይህን የሚያደርጉት የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ገንዘብ ቀውስ በየአዳራሹ ጥናት የሚያቀርቡትም እነሱው ናቸው። ጥናቱ ላይ ግን ጥፋቱ ምንጊዜም የዓለም ገበያ ነው።

ሰኔ ሃያ አራት ቀን ፈዲላ ባንኩ ሲከፈት ደረሰች። አዳራሹ ሞልቷል። መስኮቱ ላይ ያለችው ቤዛዊት የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት።

«ሲስተም የለም እትዬ» አለቻት በለሆሳስ።

በዚህ ከተማ ይህን ቃል ሰምቶ የሚቆጣ ሰው የለም። ገንዘብ የለም ቢባል ወንበር ይሰበራል። ሲስተም የለም ሲባል ግን ሰው ዣንጥላውን ጉልበቱ መሐል አድርጎ ይቀመጣል። ሲስተም የማንም ጥፋት አይደለም፤ እንደ ደመና ይመጣል፣ እንደ ደመና ይሄዳል። ፈዲላም ተቀመጠች። ወዲያው አንድ ነጋዴ በፌስታል ብር ይዞ መጣ። ቤዛዊት ተቀበለችው፣ በማሽን ቆጠረችለት፣ ደረሰኝ አትማ ሰጠችው።

ፈዲላ ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

«ቤዚ፣ ይህ ሲስተም ለሚያስገባ ሰው አለ፣ ለሚያስወጣ ሰው የለም?»

ቤዛዊት ቀና ሳትል «ማናጀሩን ያናግሩት» አለች። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

ኃይለኪሮስ ቢሮው ውስጥ የትናንቱ ኬክ ከተረፈበት ካርቶን ጋር ተቀምጧል። ፊቱ የዳመነ ነው። በሩን ዘጋና እውነቱን ነገራት። የለመነው እሱ ብቻ አልነበረም፤ የባንኩ ቅርንጫፎች ሁሉ እየለመኑ ነው ዓመቱን የዘጉት። አሁን የአንድ ሌሊት እንግዳው ሁሉ በአንድ ጠዋት ተነሥቶ ጫማዬን ይላል። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ገንዘብ አይበቃም። ትልቅም ትንሽም ክፍያና ሲፒኦ እስከሚቀጥለው ሳምንት እንዳይሠራ ታዟል፤ ለደንበኛ የሚነገረው ደግሞ ሲስተም የለም ነው።

«ስድስት ሰዓት ላይ ሱቄ ይሄዳል፣ ኃይሌ» አለች። አሁን አልቀለደችም።

«አውቃለሁ እትዬ። ግን ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ። ይህ ውጭ ከተሰማ አዳራሹ በሙሉ ይነሣል። ያኔ ለእርስዎም ለማንም አይተርፍም።»

እውነቱን ነው። ወጥታ ብትጮህ ሰው መስኮቱ ላይ ይረባረባል፣ ባንኩ በሩን ይዘጋል፣ ሱቋም ይሄዳል። ዝም ብላ ብትቀመጥም ሱቋ ይሄዳል። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ገንዘቤ አለ ወይስ የለም?»

«አለ! እግዚአብሔርን፣ አለ። ቀኑ ነው እንጂ ገንዘቡ የትም አይሄድም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«መቶ በመቶ!»

«በቃ፣ ችግር የለም» ብላ ስልኳን አወጣች። ጋሽ ገብረየስ ጋ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ገብረየስ፣ ገንዘቡ ባንክ አለ። ማናጀሩ አጠገቤ ነው፤ መቶ በመቶ አለ ይላል። የሚከፍሉን ግን በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ «ውሉ የሚለው ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። ሌላው ገዢ እዚሁ ከጎኔ ተቀምጧል፤ ፋርማሲ ሊከፍትበት ነው። ዋስ ካለሽ ግን ሳምንት እታገሣለሁ።»

«አለኝ። ማናጀሩ ራሱ ዋስ ይሆነኛል። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አለው፤ ሁለት መኝታ። ወለሉን አውቀዋለሁ፣ ሴራሚኩ የእኔ ነው።»

«ጥሩ፤ ካርታውን ይዛችሁ ኑ። ውሉን እኔው አረቃለሁ» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ኃይለኪሮስ ከወንበሩ ተነሣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እኔ? በግሌ?»

«በግልህ። ምነው፣ ገንዘቡ የለም እንዴ?»

«አለ እኮ! ግን እሱ የባንኩ ጉዳይ ነው። የተዋዋሉት እርስዎ ከባንኩ ጋር…»

«ባንኩ ማን ነው? ጥራልኝና ላናግረው።»

ኃይለኪሮስ የኬኩን ካርቶን ወደ ጎን ገፋ።

«እኔ የማውቀው አንተን ነው» አለችው። «ሱቄ መጥተህ የሽንት ቤት መቀመጫ ላይ ቁጭ ብለህ የለመንከኝ አንተ ነህ። ያኔ አለ ብለህ ወሰድክ፣ አሁንም አለ ትላለህ። ካለ ቤትህ የት ይሄዳል? ከሌለ ግን የእኔ ሱቅ ብቻ ለምን ይሄዳል?»

«የሺአረግ ትገድለኛለች።» የሺአረግ ሚስቱ ናት።

«ንገራታ! ገንዘቡ መቶ በመቶ አለ በላት።»

ኃይለኪሮስ ግድግዳው ላይ ያለውን የዕቅድ ሰሌዳ ተመለከተ። ለዚያ ኮንዶሚኒየም ጢም ሳያወጣ ተመዝግቦ ሽበት ሲያወጣ ነው ዕጣ የደረሰው። ከጠዋት ጀምሮ ለስንት ሰው «አለ» ብሏል፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምንም አልከበደውም። አሁን ያችኑ ቃል ከሳሎኑና ከሁለቱ መኝታ ክፍሎች ጋር አያይዞ ሊላት ሲሞክር ከጉሮሮው አልወጣ አለች። ክራባቱን አላላ። ከዚያ የጠረጴዛውን ስልክ አነሣና ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ።

ቤዛዊት ከመስኮቷ ሆና እንደሰማችው፣ ሰውየው በአሥር ዓመት አገልግሎቱ እንዲህ ጮኾ አያውቅም።

«አይ፣ ከሰዓት አይሆንም! … አሁን! … እኔ ነኝ የለመንኳት፣ እናንተ አይደላችሁም! … አውቃለሁ መመሪያ መሆኑን! … ወንበሩን ለሌላ ስጡት!»

ለፈዲላ ሱቅ ያላወጣውን ድምፅ ለራሱ ቤት አወጣው። አልፈርድበትም፤ ሰው እንዲህ ነው። የምፈርደው ይህን ድምፅ ማንም ሳያወጣ ሥራው እንዲካሄድ አድርገው ባቀነባበሩት ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች ሁሉም የሚወስነው በሰው ሱቅ፣ በሰው ቁጠባ፣ በሰው ዕድሜ ነው፤ የራሱ ጣሪያ የሚነካበት አንድም የለም። ጣሪያው ከተነካማ ይኸው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሲፒኦው ተፈረመ።

ፈዲላ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። አዳራሹ እንደ ቀድሞው ሞልቷል። በሩ አጠገብ ፈለቀች ተቀምጣለች፤ ከጉርድ ሾላ ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ፣ የፈዲላ የድሮ ጎረቤት ናት። የቤት ኪራይዋን ልታወጣ መጥታ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣችም።

«ፈዲላ፣ ተስተናገድሽ? ሲስተሙ መጣ እንዴ?» ስትል ጠየቀቻት።

ጥያቄው የዋህ ነበር። ፈዲላ ቆመች። ዞር ስትል ኃይለኪሮስ ከቢሮው ደጃፍ ሆኖ ራሱን ወዲያና ወዲህ ይነቀንቅላታል፤ አይሆንም፣ እባክዎ፣ አደራ። ያ ወንበር ተሸካሚ ትከሻ ተኮማትሯል። ልታዝንለት ደረሰች። ደግሞ የፈለቀችን ፊት አየች። «አልመጣም» ካለች ውሸቱ ከዚህ በኋላ የእሷም ሊሆን ነው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ወረቀትም ከፈለቀች ኪራይ ላይ የተቆረሰ ሊሆን ነው።

«መጥቷል!» አለች፤ ድምፅዋ ሴራሚክ አውራጆችን የምትጠራበት ድምፅ ነው። «ሲስተሙ መጥቷል ጎበዝ! እኔ አሁን ተስተናገድኩ!»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ዣንጥላ ወደቀ፣ ወንበር ተንሸራተተ፣ ሰው ሁሉ እየተገፋፋ መስኮቶቹ ላይ ደረሰ። «ተመስገን! ተመስገን!» የሚሉ ነበሩ። ቤዛዊት አንገቷን አዙራ ኃይለኪሮስን አየች። ሁሉም አየው።

ያን ጊዜ ሌላ ውሸት ይፈልግ ነበር። «ተመልሶ ሄደ» ቢል ማን ያምነዋል? አንዲት ሴት አሁን በፊታቸው ተስተናግዳ ወጥታለች።

«ሲስተሙ ጠዋትም ነበረ» አለ በመጨረሻ። «ገንዘብ ነው የሌለን። ያለው ትንሽ ነው።»

አንድ ሽማግሌ የወደቀ ዣንጥላቸውን አንሥተው፣ «ይህችን ለማለት ነው ከጠዋት ጀምሮ ያስቀመጥከን?» አሉት።

አንዱ ሳቀ። ሌላው ተሳደበ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ጮኸ፤ ጩኸቱ መሐል ግን ፈለቀች ወደፊት አለፈችና፣ «እሺ፣ ትንሽ ማለት ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። ኃይለኪሮስ ያለውን ተናገረ። ተከራከሩበት። የኪራይ፣ የመድኃኒት፣ የደመወዝ ይቅደም ተባለ። ሁለት ነጋዴዎች ተራግመው ወጡ፤ አንደኛው ፖሊስ ይዞ ተመለሰ። ፖሊሱ ነገሩን ከሰማ በኋላ ደመወዙ እዚሁ ባንክ እንደሚገባ ትዝ አለውና ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ።

ባንኩ በዚያ ቀን አልፈረሰም። ይህን የምለው ኃይለኪሮስን ለማመስገን አይደለም፤ እውነቱን የተናገረው ውሸቱ ስላለቀበት ነው። ሆኖም ተናገረ፤ ስንቱ ውሸቱ ካለቀበትም በኋላ ይዋሻል።

ፈዲላ በባጃጅ ጭቃውን እያቋረጠች ጎሮ የደረሰችው ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ፋርማሲ ሊከፍት ያለው ሰው ሰዓቱን እያየ ተቀምጧል። ጋሽ ገብረየስ ሲፒኦውን ከፊት አነበቡት፣ ከኋላ ገለበጡት፣ ወደ መስኮቱ አንሥተው ብርሃን አሳለፉበት።

«ዋሱስ?» አሉ።

«አላስፈለገም። ካርታ ሲባል ገንዘቡ ራሱ ፈልጎ መጣ።»

ፈረሙ።

በሐምሌ ለኃይለኪሮስ ሁለት ወረቀት በአንድ ፖስታ ደረሰው። አንዱ፣ በዓመቱ መዝጊያ ላሳየው የላቀ የተቀማጭ አሰባሰብ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ነው። ሌላው፣ በደንበኞች ፊት የባንኩን አመኔታ የሚሸረሽር ንግግር በመናገሩ የተጻፈ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለቱም ላይ የፈረመው አንድ ሰው ነው። ፈራሚው አላፈረም፤ እፍረት ከዚያ ወንበር ከተነሣ ቆይቷል።

ኃይለኪሮስ የምስክር ወረቀቱን ጎሮ ይዞላት ሄደ።

«ይህ የእርስዎ ነው እትዬ፤ ያስሸለመኝ የእርስዎ ገንዘብ ነው።»

ፈዲላ ፍሬም ገዛችለትና ከሽንት ቤት መቀመጫዎቹ በላይ ሰቀለችው። ተቀማጭ የሚለው ቃል እዚያ ላይ ያምራል አለችው። ሳቀ፤ ማስጠንቀቂያውን ግን አላሳያትም።

በዓመቱ፣ ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን፣ እዝራ ክራባቱን አሳምሮ ጎሮ ድረስ መጣ። የሚቀመጥበት ፈለገ፣ አንዱን መቀመጫ ከደነና ተቀመጠ።

«እትዬ ፈዲላ፣ እንዲያው ለአንድ ሌሊት…»

«ካርታ ይዘሃል?»

«የምን ካርታ?»

«የቤትህን።»

እዝራ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቀና ብሎ በፍሬም የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት አነበበ፤ ከላይ እስከ ታች አነበበና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቤቱማ እትዬ፣ በሚስቴ ስም ነው።»

«እንግዲያው እሷን ጠይቃት» አለችው ፈዲላ፤ «እሷ ለአንድ ሌሊት ካበደረችህ እኔም አስብበታለሁ።»